ሰባት ሽክርክሪት ይዤ ከጣና አባያ

ሰው ሁሉ አገሩን የለቀቀበትን ሲያወራ ሌሊት ነበር ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የአሳ ዘንጌን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ። በዚያ ሰሞን እኛ ሰፈር በጨለማ የሚሄድ ሰው ወይ ይተኮስበታል ወይ ወዴት ነህ ይባላል። በቀን ዘንግ ይዞ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው ግን ያው ጌታነህ ነው፣ አሳ ሊያጠምድ ነው። ባለቤቴ ትርንጎ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «ዛሬ እንኳ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ!» አለችኝ። «እሺ» አልኳት።  ልጃችን ሕይወት አራት ዓመቷ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ቻው ብላኝ ወደ ጨዋታዋ ዞረች። ደህና አድርጌ እንኳ አልሳምኳትም። ብስማት አለቅሳለሁ፣ ባለቅስ ደግሞ ይነቃብኛል።

ለምን እንደወጣሁ የሰፈሬ ሰው ያውቃል፤ ለማያውቅ ላስረዳ። እኔ ታንኳ ነበረኝ። ታንኳ ያለው ሰው በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። ጠዋት አንዱ ወገን ይመጣና «ትናንት ማንን አሻገርክ?» ይላል፤ ማታ ሌላው ይመጣና «ለምን አላሻገርክም?» ይላል። ሦስት ጊዜ ጠርተውኝ ሦስቴም ተመልሻለሁ። አራተኛውን እንጃ። ሂድ ያለችኝ ራሷ ትርንጎ ናት። «ሴትና ልጅ ምን ያደርጉናል? አንተ ሂድና ቦታ ያዝ፤ ከዚያ እንከተልሃለን» አለች። እኔም አመንኳት፤ ወይም ማመኑ ተስማማኝ መሰለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ይዤ የወጣሁት ዘንጌንና አንድ የከረሜላ ቆርቆሮ ነው። አገር ሰላም ሳለ አሳ ለማጥመድ የሚመጡ ፈረንጆችን በታንኳ ይዤ እወጣ ነበር፤ አንዱ ሲሄድ ያቺን ቆርቆሮ ትቶልኝ ሄደ። ውስጧ ሰባት ስፒነር አለ። እኔ ሽክርክሪት ነው የምለው። ላላየው ሰው፣ ከጣት የማይረዝም ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው ላይ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለች የጥፍር ያህል የብረት ቅጠል ተሰክታለች፤ ከሷ ቀጥሎ የናስ ዶቃ፣ ጫፉ ላይ ሦስት ጥፍር ያለው መንጠቆ። ትል የለ፣ ሊጥ የለ። ወርውረህ ስትጠቀልለው ቅጠሏ ሽቦውን እየዞረች ታበራለች፣ ውሃውንም ታንቀጠቅጣለች፤ አሳው የቆሰለች ትንሽ አሳ ትመስለዋለች። ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ከቸኮልክ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከዘገየህ ቅጠሏ መዞር ታቆማለች። መሃሉን ካገኘኸው ዘንጉ ጫፍ ላይ ትር ትር ይልሃል። እኔ እንጀራዬን የምበላው በዚያች ትር ትር ነው።

በሐይቁ ዳር ዞሬ ባሕር ዳር ገባሁና አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ከወጣን በኋላ ስንት ቦታ እንደቆመ አልቆጠርኩም። አንዱ ፍተሻ ላይ ግን ቆርቆሮዬ ተከፈተች።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ፈታሹ።

«የአሳ ማጥመጃ ነው፣ ጌታዬ።»

«አሳ የሚጠመደው በትል ነው። ይሄ ብረት ነው።»

«ብረትም ያጠምዳል፣ ጌታዬ። ስፒነር ይባላል።»

«ስፒነር!» አለ፤ አንዷን አንስቶ ወደ ፀሐይ ያዛት። «ሽቦ፣ ናስ፣ ጥፍር። የምን ዕቃ መለዋወጫ ነው? እውነቱን ተናገር።»

 አጠገቤ የነበሩት እናት ቀስ ብለው ከኔ ፈቀቅ አሉ። «እንግዲያው ሲሠራ አሳየኝ» አለኝ። ምኑ ላይ ላሳየው? ያለነው አስፋልት ላይ ነው፣ ውሃ የለ። በሽቦዋ ጫፍ ይዤ እፍ ልልባት ብል ትንፋሽ ከየት ይምጣ! አፌ ደርቋል፣ ከንፈሬ አልገጥም አለ። በሦስተኛው ሙከራ ቅጠሏ ዞረች። «ድገመው» አለ። ደገምኩት። ፈታሹ እንደ ልጅ ሳቀና «ይቺን ለልጄ» ብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። መንጠቆዋ እንዳትወጋው ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ። ስድስት ቀሩኝ።

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት መሬት ላይ ሳምንት ተኛሁ። የዘመዴ ጎረቤት የሙዝ አይሱዙ ይነዳል። «አሳ ነው የምትችለው? አርባ ምንጭ ሁለት ሐይቅ አለልህ፣ ምን እዚህ ያስቀምጥሃል!» ብሎ ባዶውን ሲወርድ ይዞኝ ወረደ። ሾፌሩ ጨዋታ ይወዳል፤ እኔ ግን ከኋላችን መኪና በታየ ቁጥር አንገቴን አሰግግ ነበር። ሶዶን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ፊቴን መታኝ። የጣና ፀሐይ ቢሞቅም ነፋስ አለው፤ የዚህ ፀሐይ ግን አልጋ ላይም ይከተልሃል።

አርባ ምንጭ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሴቻ የሚባል ሁለት ከተማ ነው፤ በሚኒባስ ይመላለሱበታል። ሴቻ ወጥተህ ቁልቁል ስታይ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ጫሞ ሰማያዊ ነው፣ ዓይን ያሳርፋል። አባያ ግን ቀይ ነው፤ ጎርፍ የገባበት ይመስላል፣ ግን ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። እጅህን ክርን ድረስ ብታስገባ ጣትህን አታያትም። ገና ከላይ ሆኜ ሳየው ጠላሁት።

መጀመሪያ የሄድኩት ቀበሌ ነው፣ መታወቂያ ለማውጣት።

«መሸኛህን አምጣ» አለኝ ሰውየው።

«መሸኛ አልያዝኩም። የኛ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል፣ የሚጽፍ ሰው የለም።»

«መሸኛ ከሌለህ አልለቀቅክም። እዚያው ነህ።»

«ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ እኮ!»

«በአካል አዎ» አለኝ በቅንነት። «በወረቀት ግን እዚያው ነህ።» ቆየት ብሎ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሄደህ አጽፈህ መምጣት ነው» አለኝ። ሄዶ ማጻፍ! አመስግኜው ወጣሁ።

አሳ አጥማጆቹ የተደራጁበት አንድ ማኅበር አለ ብለውኝ ደግሞ እዚያ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፣ ፊቷ የደስ ደስ አለው።

«መረብህ ምን ዓይነት ነው?»

«መረብ የለኝም።»

«ጀልባህስ?»

«ጥዬው ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ በምንድነው የምታጠምደው?»

ቆርቆሮዬን ከፈትኩላት። «ውይ፣ ሲያምር! የጆሮ ጌጥ ነው?» አለችና የሥራ ባልደረባዋን ጠርታ አሳየቻት። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። ቅጹ የመረቡን ዓይን ስፋት ይጠይቃል።

«የለውም ብለሽ ጻፊልኝ፣ እህቴ።»

«የለውም ካልኩት ሕገወጥ መረብ ነው ብሎ ይመልስብኛል።»

«እንግዲያው ባዶውን ተዪው።»

«ባዶ አይቀበልም።»

 ጫሞ ላይ ለማጥመድ አባል መሆን ያስፈልጋል፤ አባል ለመሆን መረብ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ በወረቀት ገና ጣና ነኝ።

ሲቀላ የተከራየሁት ቤት የእትዬ አስቴር ነው። የጋሞ ሰው ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ድምጿ ከፍ ያለ፣ ልቧ ደግሞ ከድምጿ የሰፋ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት እያደረገች ታወራኛለች፤ እኔ ደግሞ ከጋሞኛ «ሳሮ» ከሚለው ሰላምታ በቀር አንድ ቃል ስለማላውቅ አፌን ይዤ እሰማታለሁ። በር ላይ አቁማ መረመረችኝ።

«ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም።»

«ታጨሳለህ?»

«ኧረ እኔ!»

«ጫትስ?»

«አልነካም።»

«ታዲያ ምን አጥፍተህ ነው አገርህን የለቀቅከው?»

«ታንኳ ነበረኝ» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። የምቀልድ መሰላት። ከዚያ ፊቴን አየችና ቁልፉን ሰጠችኝ። «ሚስትህስ መቼ ይመጣል?» አለችኝ።

«ቶሎ ትመጣለች» አልኳት።

ማታ በሳህን ቁርቁፋ ላከችልኝ፤ ከበቆሎ ዱቄት የተድቦለቦለ፣ ሺፈራው ቅጠል የገባበት፣ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ የሚበላ። ዳጣው አስለቀሰኝ። ለቅሶው የዳጣ ይሁን የሌላ አላጣራሁም፤ ጥሩ ሰበብ ነበር። እዚህ አገር የአሳ ለብለቡ ይጣፍጣል፣ ሙዙ ይጣፍጣል፣ ማንጎው መንገድ ላይ ወድቆ ይበሰብሳል፤ ጤፍ እንጀራው ግን የኛን አያህልም፣ ይሄን ስል እትዬ አስቴር እንዳትሰማኝ።

የትርንጎ ስልክ ኔትወርክ የሚያገኘው አንድ ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው፤ ያም ሲኖር። በሁለተኛው ሳምንት ተገናኘን።

«ሐይቁ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ልክ እንደኛው ነው» አልኳት። «እናንተስ?»

«ደህና ነን። ሰፈሩ ረግቷል።»

ከኋላዋ ጓ የሚል ነገር ሰማሁ። «ምንድነው እሱ?»

«የጎረቤት በር ነው፤ ነፋስ አለ» አለች። እኔም እሺ አልኩ። በር መሆኑን እንዳምን የፈለግሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።

ከማኅበሩ የተመለስኩ ቀን እትዬ አስቴር ጉዴን ሰምታ ወደ ወንድሟ ወሰደችኝ። ጋሽ ዳና ላንቴ በሚባል መንደር ሙዝ ያለማሉ፤ እርሻቸው ሲያልቅ አባያ ይጀምራል። ዘንጌን አይተው፣ ሽክርክሪቷን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው፣ «እሺ፣ ከኔ መሬት ላይ ሆነህ ወርውር» አሉኝ። «ግን ሕግ አለ።»

«ምን ሕግ፣ ጋሽ ዳና?»

«ከውሃው አሥር እርምጃ ራቅ። ትናንት የቆምክበት ቦታ ዛሬ አትቁም። ትናንት በመጣህበት ሰዓት ዛሬ አትምጣ። አዞ ሰዓት ያውቃል። ዛሬ በሁለት ሰዓት እዚህ፣ ነገም በሁለት ሰዓት እዚህ ካየህ፣ ከነገ ወዲያ እሱ ቀድሞህ ይመጣል። የኛ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ እንኳ ቦታ ይለዋውጣሉ።»

እናንተ ሐይቅ ዳር ያደጋችሁ የአገሬ ልጆች፣ ይሄን ነገር አስቡት። እኛ ጣና ላይ ሁሉም ሰው የየራሱ ቦታ አለው። አባቴ የቆመበት ድንጋይ ላይ እኔ ቆሜ፣ በየማለዳው በዚያው ሰዓት፣ ውሃው ወገቤ ድረስ እየደረሰ ነው ያደግሁት። አዞ የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም። የምንፈራው ጉማሬን ነው፤ ጉማሬ ደግሞ ያጓራል፣ ይተነፍሳል፣ መምጣቱን ይነግርሃል። እዚህ ያለው አይናገርም። አባያ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግንድ ሁሉ አዞ ነው፣ አረፋ ሁሉ አዞ ነው። ወርውሬ እጠቀልላለሁ፣ ዓይኔ ግን ክሩ ላይ አይደለም፣ ውሃው ዳር ላይ ነው። ትር ትሯን የምሰማው በእጄ ብቻ ነበር። ጥሩነቱ አሳውም እንደኔ ነው፤ በዚያ ቀይ ውሃ ውስጥ ሽክርክሪቷን ባያያትም መንቀጥቀጧን ይሰማል። እናም ይይዛል። በየቀኑ ትንሽም ብትሆን አሳ ይዤ እመለስ ነበር።

ሽክርክሪቶቼ ግን አለቁ። ሁለቱን ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነ አንድ ዓይነት አሳ ክሩን በጥሶ ወሰዳቸው። ሦስቷ ውሃ ውስጥ ባሉ ግንዶች ተጠልፈው ቀሩ። እኛ ጋ ሽክርክሪት ከተጠለፈ ሱሪህን ሰብስበህ ገብተህ ታላቅቃለህ፣ ማንም ክር አይበጥስም። እዚህ ግን ጋሽ ዳና ቢላቸውን አውጥተው ክሩን ይቆርጡትና «ሂድ ቤትህ» ይሉኛል። በሦስተኛው ላይ አንዲት ብቻ ቀረችኝ።

እንዳያልቁብኝ ብዬ ራሴ መሥራት ጀመርኩ። ለቅጠሏ ማንኪያ፣ ለሽቦዋ ደግሞ እትዬ አስቴር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚመታው ጊታር የተበጠሰ ክር፤ ዘማሪው ደስ ብሎት ነው የሰጠኝ። ማንኪያውን ግን አልጠየቅሁም።

«ማንኪያዬን ማን ወሰደው? ስድስት ነበረ፣ አራት ሆነ!» ትላለች ግቢው መሃል ቆማ።

«እትዬ፣ አሳ ይዞት ሄዷል» አልኳት ከክፍሌ።

መጥታ ተቆራርጦ አየችው። ቁጣዋን ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን አፏን በእጇ ይዛ በሳቅ ወደቀች። የሠራሁት ግን አልሆነም። ባልዲ ውስጥ ስጎትተው ሁለቴ ይዞርና ይቆማል። የቅጠሏ ጎድጓዳ ትንሽ ከጠለቀ ይከብዳል፣ ከሳሳ ይንሸራተታል። ልኩን የማውቅባት ያቺ የቀረችኝ አንዷ ብቻ ነበረች። በየቀኑ አጠገቧ አድርጌ እያየሁ ነበር የምመታው። እሷ ከጠፋች ሥራዬም ጠፋ፤ ሥራዬ ከጠፋ ደግሞ ትርንጎን በምን አፌ ነይ እላታለሁ?

ታዲያ ለምን ወረወርካት ትሉኛላችሁ። ስላልበላሁ ነዋ! ለሁለት ቀን የራሴን እየወረወርኩ አንድም አልያዝኩም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጋሽ ዳና እርሻው ጥግ የሙዝ ግንድ እየቆረጡ ሳለ፣ ያቺን አንዷን አሰርኩና ወረወርኩ። በአራተኛው ውርወራ ተጠለፈች። ከዳር ወደ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ወዲያ ሳብኩ፣ ወዲህ ሳብኩ፣ እንቢ አለች። ዞር ብዬ አየሁ፤ ጋሽ ዳና ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ውሃውን አየሁ፤ ምንም የለም። ስምንት እርምጃ ናት፣ ጉልበት ድረስ ናት አልኩ። ሱሪዬን ሰበሰብኩ።

እውነቱን ልናገር፣ እግሬ ውሃ ሲነካ ደስ አለኝ። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ እግሬ ሐይቅ ነክቶ አያውቅም። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ጭቃው በጣቶቼ መሃል ይገባል። ለአፍታ አባቴ ድንጋይ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ክሩን ተከትዬ እጄን አስገብቼ፣ የጠለፋትን ቅርንጫፍ አገኘሁና ነቀልኳት። ይሄኔ ጋሽ ዳና ጮኹ። የጮኹት በጋሞኛ ነው፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ግን እንደዚያ ያለ ጩኸት በምንም ቋንቋ ቢሆን ይገባል። ቀና ብዬ ብፈልግ ምንም የለም። ቀይ ውሃ ብቻ። ከዚያ ያ ቀይ ውሃ ከፊት ለፊቴ ቀስ ብሎ አበጠ።

መሮጥ አቃተኝ።  የማስታውሰው ጋሽ ዳና የወረወሩት፣ እሳቸውን የሚያህል የሙዝ ግንድ በራሴ ላይ አልፎ አጠገቤ ጧ ብሎ ሲወድቅ ነው። ወዲያው አዞው ግንዱን ያዘው፤ ተነሳ፣ ዞረ፣ ተገለበጠ፣ ነጭ ሆድ አየሁ፣ ውሃው ፊቴን መታኝ። በአራት እግሬ እየዳህኩ ወጣሁ። ወጥቼም አላቆምኩም፣ ሙዙ መሃል ድረስ ዳህኩ። ሱሪዬ ረጥቦ ነበር፤ የሐይቁ ውሃ ነው ማለት እችል ነበር፣ ግን አይደለም።

ጋሽ ዳና መጥተው ከላዬ ቆሙ። ይመቱኛል ብዬ ነበር። «ለእህቴ ምን ልበላት?» አሉ። «ተከራይሽን አዞ በላው ልበላት? ያንተን ሚስት ስልክ ማን ያነሳል? እኔ ነኝ የማነሳው?» ከዚያ እሳቸውም መሬት ላይ ተቀመጡ።  ዘንጌ እጄ ላይ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው። ክሩን ስጠቀልለው ሽክርክሪቷ ሳሩ ላይ እየተጎተተች መጣች፣ ደህና ናት።

ከዚያ በኋላ አባያን አልቀረብኩም። ገላዬን ልታጠብ ባልዲ ውስጥ እጄን ሳስገባ ልቤ ይመታ ነበር። ሌሊት ሌሊት ያ ነጭ ሆድ ይመጣብኛል። ቤት ቁጭ ብዬ ያቺን ሽክርክሪት ፊቴ አድርጌ ማንኪያ እየቀጠቀጥኩ ሰነበትኩ፤ እትዬ አስቴርም ከጎረቤት አሮጌ ማንኪያ እየለመነች ታመጣልኝ ጀመር። አንድ ቀን የሠራኋት ባልዲው ውስጥ ዞረች። ሳትቆም ዞረች! አሁን የምወረውረው ኩልፎ ወንዝ ላይ ነው፣ ድልድዩ ላይ ከፍ ብዬ ቆሜ። ከወራጁ በተቃራኒ ስትጎትታት ቅጠሏ በደንብ ትሠራለች። አንዳንድ የከተማው ሰዎችም ሥራልን እያሉኝ ነው። የቀበሌው ሰውዬ እንኳ ባለፈው አንድ ወሰደ፤ መታወቂያው ግን ያው ነው።

ትርንጎ የደወለች ዕለት ድልድዩ ላይ ነበርኩ። እንደ ሁልጊዜው «ሐይቁ እንዴት ነው?» አለችኝ። እንደ ሁልጊዜው ልመልስላት አፌን ከፈትኩ።

«ትርንጎ፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «እንደኛው አይደለም። ቀይ ነው። አዞ አለው። ልበላ ነበር።» ሁሉንም ነገርኳት፣ የሱሪዬን ሳይቀር።

 ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «አንተ እውነቱን ካወጣኸው እኔም ላውጣው። ቤቱን ከለቀቅን ሁለት ወራችን ነው። እናቴ ጋ ነን። ታንኳህን አቃጥለውታል። አንተን ፍለጋ ሁለቴ መጥተው በሩን ሰብረውታል፤ ስምህን እየጠሩ። ሕይወት ተኩስ ስትሰማ አልጋ ሥር መግባት ለምዳ፣ አሁን ተኩስ ባይኖርም እዚያ ካልሆነ አትተኛም።»

ድልድዩን ደገፍኩት። ከሥሬ ወንዙ ይሄዳል።  «በቃ እዚያው እናትሽ ጋ ቆዩ» አልኳት። «መንገዱ አስፈሪ ነው፣ ፍተሻው ብዙ ነው፣ ትንሽ እስኪረጋ…»

«ጌታነህ» አለችኝ። «ያ አዞ ከውሃው ወጥቶ በር ይሰብራል?»

«አይሰብርም።»

«ስም እየጠራ ይፈልጋል?»

«ኧረ ትርንጎ…»

«እንግዲያው እንመጣለን። ልጄን ውሃ ዳር አላደርሳትም፣ አለቀ። ሐሙስ እንሳፈራለን።»

ዛሬ ሰኞ ነው። ሐሙስ ጠዋት ተሳፍረናል ብላ በሰው ስልክ አስነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ የማገኘው ያቺን የቴሌዋን ሴትዮ ብቻ ነው፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም ትለኛለች፣ በጨዋ ድምፅ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ከአዲስ አበባ የሚገቡትን አውቶቡሶች በየቀኑ መናኸሪያ ቆሜ አያለሁ። በር ሲከፈት ልጅ ያቀፈች ሴት ስትወርድ እሮጣለሁ፣ ቀርቤ ፊቷን አይቼ ይቅርታ እላለሁ። ፍተሻ ላይ ምን ብለው ጠይቀዋት ይሆን? ባልሽ የት ነው ቢሏት ምን ትላለች? አዞውን እንኳ የዚህን ያህል አልፈራሁትም።

ትናንት ክፍሌን አሰናዳሁ። አልጋውን በአራት ብሎኬት ከፍ አደረግሁት፤ ሥሩን ጠረግሁ፣ የሸረሪት ድሩን አወጣሁ፣ ትንሽ ፍራሽ አስገብቼ አንሶላ አነጠፍኩበት። እትዬ አስቴር በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«አልጋ ከላይ እያለ ለምን ከሥር?» አለችኝ።

«ልጄ እዚያ ነው የምትተኛው» አልኳት።

 ሄዳ ትራስ አመጣች፣ ተንበርክካ እጇን አስረዝማ ፍራሹ ራስጌ አስቀመጠችው። እኔ ስልኬን አንስቼ እንደገና ደወልኩ።